ለዘመነ ጽጌ የሚደርስ አበባ፤ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን የቁጥቋጦዎች አተካከልና አያያዝ

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን በአራት ክፍላተ ዘመን ትከፍለዋለች። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ሐጋይ ወይም በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ደግሞ ጸደይ ወይም በልግ ይባላል። በዚህ ዘመን አደይ አበባ የሚፈነዳበትን ወራት «ጸደይ» ብሎ መጥራት ተለምዷል፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን የአበባው ወራት መጸው ነው። ከመጸውም የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት፣ ዘመነ ጽጌ ተብለው ይጠራሉ። «ጽጌ» በግእዝ አበባ ማለት ነው።

በዚህ ወቅት የእመቤታችን ከልጇ ከወዳጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ ይታሰባል፤ ምእመናንም በፈቃድ ይጾማሉ። በየሳምንቱ እሑድ አባ ጽጌ ድንግል የደረሱት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ድርሰቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአበባና በፍሬ ምሳሌ የተሞላ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ከእሴይ ሥር ስለሚወጣው በትርና ስለ አበባው የተናገረውን ትንቢት መሠረት አድርጎ፣ እመቤታችንን አበባውን ባስገኘችው ተክል፣ ጌታችንን በአበባው ይመስላል። ማኅሌቱን ቆሞ የሚሰማ ምእመን በጆሮው የሚገባውን በዐይኑም ቢያይ መልካም ነው ብለን እናምናለን፤ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣንም ይኸው ነው።

በአገልግሎት በተዘዋወርንባቸው አንዳንድ አጥቢያዎች የምናየው ግን ከዚህ የራቀ ነው። ማኅሌቱ ስለ አበባ እየተቆመ ዐጸዱ ራቁቱን ይታያል፤ በመቅደሱ ደጃፍ ደግሞ ከገበያ የተገዛ የፕላስቲክ አበባ አቧራ ለብሶ ተሰቅሏል። ሕያው አበባ በሚበቅልበት አገር፣ ያውም በአበባው ወራት፣ ይህ መሆኑ ያሳዝናል። ምክንያቱ የምእመናን ፍቅር ማነስ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው የምንተማመንበት አበባ ወራቱን አለመዝለቁ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቁጥቋጦዎቹን የምንቆርጥበት ጊዜ መሳሳቱ ነው።

አደይ አበባ ስለማይደርስበት ጊዜ

አደይ አበባ የአንድ ክረምት ተክል ነው። በዝናቡ ይበቅላል፣ በጳጉሜንና በመስከረም ያብባል፣ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። በብዙ ቦታ ጥቅምት ሲጋመስ ቢጫነቱ ጠፍቶ ቡናማ አገዳው ብቻ ይቀራል። ዘመነ ጽጌ የሚፈጸመው ግን ኅዳር 5 ቀን ነው፤ በማግሥቱ የቍስቋም በዓል ይከበራል፤ ኅዳር 12 ቅዱስ ሚካኤል፣ ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ይከተላሉ። እነዚህ በዓላት የሚውሉት አደይ ካለፈ በኋላ ነው።

ክፍተቱን የሚሞሉት ቁጥቋጦዎች ናቸው። ቁጥቋጦ ግንዱና ሥሩ ከዓመት ዓመት ስለሚኖር ሥሩ ጠለቅ ብሎ ወደ አፈሩ ይሰዳል፤ ክረምቱን ሙሉ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ይከርምና ዝናቡ ሲቀንስ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ እንቡጥ ይቋጥራል። አፈሩ ሲደርቅ ቶሎ የማይጠወልገውም ለዚህ ነው። አደይን እንተው ማለታችን አይደለም። አደይ ዘመነ ጽጌን ይከፍታል፤ ቁጥቋጦው ተቀብሎ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ያደርሰዋል።

የቢታ ገነትና የአካባቢው ጠባይ

ስለ አበባ አተካከል በአማርኛ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የሰሜኑንና የመሐል አገሩን የአየር ጠባይ መነሻ ያደረገ ነው። እኛ ግን ከቦንጋ በስተ ምዕራብ ያለችውን፣ ስሟ ራሱ ገነት የሆነውን የካፋ ዞን ከተማ ቢታ ገነትን እናስብ። በሰሜኑ ክረምቱ በሰኔ ገብቶ በመስከረም ይወጣል። በካፋ ግን ዝናቡ በመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምት፣ አንዳንድ ዓመትም ከዚያ አልፎ ይዘንባል፤ ጠንከር ያለው ደረቅ ወራት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ነው። ስለዚህ በጎንደር ወይም በሸዋ ዘመነ ጽጌ ሰማዩ በጠራበት ጊዜ ሲውል፣ በቢታ ገነት ምእመናን ማኅሌቱን ጃንጥላ ይዘው የሚመጡበት ሌሊት አለ።

ይህ ለአትክልተኛው በረከትም ፈተናም ነው። በረከቱ፣ አፈሩ እርጥበቱን ስለሚይዝ አበባው ረጅም ጊዜ መቆየቱ፣ እንዲሁም ተከላውን እስከ ሰኔ መጠበቅ ሳያስፈልግ በሚያዝያና በግንቦት መፈጸም መቻሉ ነው። በሚያዝያ የተተከለ ችግኝ በሐምሌ ከተተከለው ይልቅ ሦስት ወር ያህል ቀድሞ ሥር ይሰዳል። ፈተናው ደግሞ ውኃ የሚተኛበት ቦታ ሥሩን ማበስበሱና ጥላ የበዛበት ቁጥቋጦ በቅጠል ብቻ መክረሙ ነው። በካፋ ዐጸድ ላይ የሚያጥረው ብዙ ጊዜ ውኃ ሳይሆን ፀሐይ ነው። ከትልልቅ ዛፎች ሥር አበባ የሚጠብቅ ሰው ቅጠል ያገኛል።

ሌላም ነገር አለ። በካፋ ደን ቅርብ ነው። የአረቢካ ቡና ጥንተ መገኛ የሆነው ይህ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ሰፍሯል። ደን በቅርብ ስላለም «ዛፍና አበባ ሞልቶ ሳለ ለምን እንተክላለን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በሰሜኑ ከእርሻው መካከል እንደ ደሴት የቆመው የቤተ ክርስቲያን ደን ብቻ ስለ ሆነ ጥያቄው አይነሣም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባካሄዱት ጥናት 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች መዝግበዋል፤ ከእነዚህም ሲሶ ገደማው ቁጥቋጦ ነበር። አባቶቻችን ያቆዩት ዐጸድ ትልልቅ ዛፎችን ብቻ የያዘ አልነበረም ማለት ነው። ዛሬ በከተማ በሚሠሩ ቅጽሮች ውስጥ ግን ቦታው በሙሉ በሲሚንቶና በባሕር ዛፍ ሲያዝ ይታያል፤ ቁጥቋጦውም «ጫካ» ተብሎ ይመነጠራል። ደኑ የቱንም ያህል ቅርብ ቢሆን ለተመነጠረው ዐጸድ አበባ አያበድርም።

የትኞቹን እንትከል?

ከሁሉ በፊት የምንመርጠው ሰንሰልን ነው፤ በአንዳንድ አካባቢ ስሚዛ ይባላል። ነጭ አበባው ከዝናቡ መቀነስ ጋር ይወጣል፤ ንብ እጅግ ይወደዋል። ከብት ስለማይበላው በብዙ የአገራችን ክፍል ለአጥርነት ያገለግላል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከጎረቤት አጥር ቅርንጫፍ ለምኖ መትከል ይበቃል። አንዳንዶች «የተራ ሰው አጥር ነው» ብለው ይንቁታል። በጥቅምት መጨረሻ በደንብ የተያዘ የሰንሰል አጥር ሲያብብ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም።

የፈረስ ዘንግ፣ ራስ ክምርም የሚሉት፣ ብርቱካንማ አበባውን በአገዳው ላይ ደረጃ በደረጃ እንደ ዶቃ ክቦ ይወጣል። ከመስከረም ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከታች ወደ ላይ እየከፈተ ስለሚሄድ ዘመነ ጽጌን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ከእርሱ የተሻለ አናውቅም። የአበባ ማር የሚቀስሙ ትንንሽ ወፎች አይለዩትም። ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል፤ በጥላ ውስጥ ይጎብጣል።

ቀጋ ከሰሐራ በታች በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ዘር ነው። አበባው ነጭና መዓዛማ ሲሆን ፍሬውም ይበላል። በቤተ ክርስቲያናችን ድርሰቶች እመቤታችን በጽጌረዳ ስለምትመሰል፣ ከውጭ የሚመጣውን ጽጌረዳ ከመግዛት በፊት የአገሩን ብንተክል ደስ ይለናል። ሆኖም እሾሁ ክፉ ነው፤ ቦታው የውጭው አጥር ነው እንጂ ሕፃናት የሚሮጡበት ደጃፍ አይደለም።

ድግጣ ቢጫ ዘለላ አበባ አለው፤ በአጥር ዳር ያምራል፤ ዘሩ ግን መርዝነት ስላለው ሕፃናት እንዳይቀምሱት ጥንቃቄ ያሻል። ቢጫ አበባ ያለው አምጃ ከፍ ላለውና ለሚቀዘቅዘው ደጋ የተሻለ ነው። ግራዋን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቅጠሉ ለጋን ማጠቢያ ይውላል፤ አበባው ግን ከሌሎቹ ዘግይቶ በታኅሣሥና በጥር ስለሚመጣ ለቅዱስ ገብርኤል፣ ለልደትና ለጥምቀት ይደርሳል። በካፋና በአጎራባች አካባቢዎች ደግሞ በጓሮ አጥርነት የሚተከል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ከበሶብላ ወገን የሆነ ሰማያዊ አበባ ያለው ቁጥቋጦ አለ። በአገራችን ብቻ የሚገኝ ነው። ነጩ ሰንሰል፣ ብርቱካንማው የፈረስ ዘንግና ይህ ሰማያዊ አበባ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሌላ ጌጥ አያስፈልግም።

አተካከል

ሰንሰል፣ ግራዋና ሰማያዊው ቁጥቋጦ በቅርንጫፍ ይተከላሉ። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ እጅግ ያልለሰለሰና እጅግም ያላረጀ ቅርንጫፍ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይቆረጣል። የታችኛው ጫፍ ከአንጓ ሥር በሰያፍ ይቆረጥና ሁለት ወይም ሦስት አንጓ በአፈር ውስጥ እንዲገባ ሆኖ ይተከላል፤ ከላይ ጥቂት ቅጠል ብቻ ይቀርለታል። የተገለበጠ ቅርንጫፍ ሥር አይሰድም፤ ሰያፉ የተቆረጠው ጫፉን ከግርጌው ለመለየት ጭምር ነው። በብዙ ሰው እጅ በአንድ ቀን ሲተከል ይህች ምልክት ብዙ ድካም ታድናለች።

የፈረስ ዘንግ በዘር ይባዛል። ዘሩ በጥርና በየካቲት ከደረቀው አገዳ ላይ ይራገፋል፤ በመጋቢት መጨረሻ በመደብ ላይ ስስ አፈር ለብሶ ይዘራል። የቀጋ ዘር ጠንካራና ለመብቀል የሚዘገይ ስለሆነ ቅርንጫፉን ወደ መሬት አጉብጦ መካከሉን አፈር ማልበስ ይሻላል፤ ሥር ሲሰድ ከእናቱ ይለያል።

ለአጥር የሚሆን ሰንሰል በ40 ወይም በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል። ለብቻው የሚቆም ቁጥቋጦ ግን ከሌላው አንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ይራቅ። ከሕንፃው ግድግዳ ሁለት ሜትር ያህል ማራቅ ግድግዳውን ከእርጥበት ይጠብቃል። ታቦቱ በሚወጣበት ጊዜ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያኑ ሦስት ጊዜ ስለሚዞር የዑደቱ መንገድ ካህናቱና ሕዝቡ የሚያልፉበት ስፋት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ከመትከል በፊት ከአባቶች ጋር መንገዱን ዞሮ በካስማ ምልክት ማድረግ ያሻል። ቁጥቋጦው ችግኝ ሳለ ቦታው ሰፊ ይመስላል፤ በሦስተኛው ዓመት ግን ጥላ የያዘ ዲያቆን የማያልፍበት ይሆናል።

ማዳበሪያውን በተመለከተ ካፋ ውስጥ የቡና ገለባ አይጠፋም። ትኩሱን ከግንዱ ሥር መከመር ግን ተክሉን ይጎዳል፤ ለጥቂት ወራት ተገላብጦ ሲበሰብስና ሲጠቁር ነው የሚጠቅመው። ትኩስ ፍግም ቢሆን ቅጠል ያበዛል እንጂ አበባ አያበዛም። በመጀመሪያው ዓመት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በሳምንት አንድ ጊዜ ውኃ ያስፈልጋል። የወራቱ መጀመሪያ ከቡና ለቀማ ጋር ስለሚገናኝ ሰው ሁሉ ሥራ ይበዛበታል፤ ውኃ የሚያጠጡትን ተረኞች አስቀድሞ በስም መመደብ ካልተቻለ ተከላውን ማነስ ይሻላል። አንድ መቶ ተክሎ ዘጠና ከማድረቅ ዐሥራ አምስት ተክሎ ሁሉንም ማጽደቅ የተሻለ ነው።

መቼ እንቁረጥ?

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ሰንሰል፣ የፈረስ ዘንግና ግራዋ የሚያብቡት በዚያው ዓመት በወጣው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው። ጫፉ ከተቆረጠ የዚያ ዓመት አበባ ተቆረጠ ማለት ነው። ታዲያ በብዙ አጥቢያ ቁጥቋጦ የሚቆረጠው መቼ ነው? ሣሩ ባደገበት፣ የአዲስ ዓመትና የመስቀል በዓል በቀረበበት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ለጽዳት በሚወጡበት በነሐሴ፣ በጳጉሜንና በመስከረም ነው። ወጣቶቹ በቅን ልቡና፣ በመዝሙር ታጅበው፣ ቁጥቋጦውን እንደ ግድግዳ አስተካክለው ይቆርጡታል። ዐጸዱ ለመስቀል ንጹሕ ሆኖ ይታያል። እንቡጡ ግን ከሣሩ ጋር ተጠርጎ ወጥቷል፤ ቁጥቋጦውም በጥቅምት አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ይቆማል። ከዚያ «ይህ ተክል አያብብም» ተብሎ ይነቀላል።

ትክክለኛው የመቁረጫ ጊዜ የደረቁ ወራት ማብቂያ ነው። ለሰሜኑና ለመሐል አገሩ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት፣ ለካፋ ዝናቡ ስለሚቀድም ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ ይሁን። ቁመቱ በግማሽ ወይም በሲሶ ይቀነሳል፤ የደረቀውና ወደ ውስጥ የገባው ቅርንጫፍ ከሥሩ ይወጣል። በካፋ ይህ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ለትንሣኤ በዓል ከሚደረገው ጽዳት ጋር ማስተባበር ይቻላል። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ግን መቀሱ ከጫፉ ይራቅ። ለመስቀልና ለንግሥ የሚደረገው ጽዳት ሣሩን ማጨድ፣ መንገዱን መጥረግ፣ በመንገዱ ላይ የተጋደመውን አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ማንሣት ብቻ ይበቃዋል።

ቀጋ ከዚህ ይለያል። የሚያብበው ከቆየው ቅርንጫፍ በሚወጡ አጫጭር ቀንበጦች ላይ ስለሆነ እንደ አጥር አይስተካከልም፤ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ያረጁትን ብቻ ከሥር ማውጣት ነው።

ሰበካ ጉባኤያት ይህን ሥራ ለአንድ ሰው በኃላፊነት ቢሰጡ መልካም ነው። መቀስ የያዘ ሁሉ አትክልተኛ አይደለም።

ከውጭ ስለ መጡት

የወፍ ቆሎ የሚባለው፣ አበባው ቢጫና ሮዝ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ የሚቀላቀለው ቁጥቋጦ በየቅጽሩ ይተከላል። ዓመቱን ሙሉ ማበቡ ያጓጓል፤ ነገር ግን ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ወደ ደን ይወስዱታል፤ በዚያም ተስፋፍቶ የአገሩን ቁጥቋጦ ያፍናል፤ ለከብትም መርዝ ነው። ደን በቅርብ ባለበት በካፋ እንዲተከል አንመክርም፤ ያለውም ፍሬ ከማፍራቱ በፊት ቢነቀል ይሻላል።

ፖይንሴቲያ፣ ማለትም በበጋው መግቢያ የላይኛው ቅጠሉ ደም መስሎ የሚቀላው የሜክሲኮ ተክል፣ ከዚህ ይሻላል። ቀዩ አበባው ሳይሆን ቅጠሉ ነው፤ አበባው በመካከሉ ያለችው ትንሿ ቢጫ ናት። ይህ ተክል ሌሊቱ ሲረዝም ነው የሚቀላው። በቢታ ገነት በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ተክሉ ግን ያንኑ ያስተውላል። ሌሊቱን ሙሉ በሚበራ የኤሌክትሪክ መብራት አጠገብ ከተተከለ ግን ሌሊቱ እንደ ረዘመ ስለማያውቅ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። በዐውደ ምሕረቱ መብራት ሥር ተክለው «ለምን አልቀላም?» ለሚሉ መልሱ ይህ ነው። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ቆዳንና ዐይንን ስለሚያስቆጣ በእጅ መንካት አይገባም።

በውጭ አገር ለሚኖሩ አንባብያንም ጥቂት እንጨምር። ዘመነ ጽጌ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከኦክቶበር 6 እስከ ኖቬምበር 14 አካባቢ ይውላል። በዚያን ጊዜ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ቅጠል የሚረግፍበት ወራት በመሆኑ አበባ ማግኘት አስቸጋሪ ይመስላል። ሆኖም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በተፈጥሮ የሚበቅለው ሃማሜሊስ ቨርጂኒያና የተባለ ቁጥቋጦ ልክ በእነዚህ ሳምንታት፣ ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ቀጫጭን ቢጫ አበባ ያወጣል። ክረምቱ በማይከፋበት ቦታ ደግሞ ካሜሊያ ሳሳንኩዋ የተባለው በመጸው የሚያብብ ቁጥቋጦ አለ። የራሳቸው ቅጽር ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት ሁለቱንም በየችግኝ መሸጫው ሊጠይቁ ይችላሉ። የሁለቱም የመቁረጫ ጊዜ ከሰንሰል ስለሚለይ አበባቸው ካለፈ በኋላ፣ አዲሱ ቅርንጫፍ ከመውጣቱ በፊት ይሁን።

በዚህ ዓመት መጀመር ለሚፈልጉ አጥቢያዎች ሥራው በኅዳርና በታኅሣሥ በመመልከት ይጀመራል። በአካባቢው የትኛው ቁጥቋጦ በየትኛው ሳምንት እንዳበበ፣ በማን አጥር ላይ እንዳለ ይመዝገብ፤ በጥርና በየካቲት ዘር ይለቀም፤ በመጋቢት ያለው ይቆረጥ፤ በሚያዝያ ቅርንጫፉ ይተከል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ዘመነ ጽጌ ጥቂት አበባ ያሳያሉ፤ አጥሩ ሙሉ ሆኖ የሚያብበው ግን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ነው።